ደጋግሞ የሚላላ የፓምፕ ኢምፔለርን ሻፍት ላይ በትክክል ማሰር፦ ዝርዝር መመሪያ

ጥቅምት ገብቶ ቀይ ቡና መምጣት ሲጀምር የማጠቢያ ጣቢያ ፓምፕ እረፍት የለውም። የዕለቱ እሸት ቡና በዕለቱ መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ ፓምፑ ሲቆም ሁሉም ይዋከባል። ኢምፔለሩ (ውሃውን የሚገፋው ባለ ክንፍ ጎማ) ሻፍቱ (የሚዞረው ዘንግ) ላይ በጥድፊያ ይገጠማል፣ ዳዶው በቱቦ በተራዘመ ቁልፍ ይጠበቃል፣ ሥራው ይቀጥላል። ብዙም ሳይቆይ ያው ኢምፔለር ተመልሶ ይላላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው እዚህ ላይ ልክ ነው።

ጅማ ዙሪያ፣ ከጎማም ከማናም ከሊሙ ኮሳም፣ የምሰማው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ዳዶውን እኮ አጥብቄዋለሁ፣ ለምን ይላላል?» መልሱ አጭር ነው። ኢምፔለሩን የሚያዞረው ዳዶው አይደለም። ዳዶ ላይ ብቻ የሚሠራ ሰው በሽታውን ትቶ ምልክቱን ነው የሚያክመው።

ይህ መመሪያ በሞተር ወይም በዲዝል የሚሠሩ፣ አንድ ኢምፔለር ብቻ ያላቸው፣ መሬት ላይ የሚቀመጡ ከ2 እስከ 4 ኢንች ፓምፖችን ይመለከታል። ጉድጓድ ውስጥ የሚወርዱትን አይመለከትም።

መጀመሪያ ይህን ያዙ

ጭነቱን የሚሸከመው ቅርጽ ነው። መቆለፊያው ቅርጹ ከቦታው እንዳይንሸራተት ብቻ ይጠብቃል።

ፓምፕ ላይ ያ ቅርጽ ኪይዋ ናት። ሻፍቱና ኢምፔለሩ መካከል የምትገባውን ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቁራጭ ማለቴ ነው። ዳዶው ኢምፔለሩ ወደ ፊት እንዳይወጣ ይይዛል፣ በቃ። በትልልቅ ተርባይኖችም ያው ነው። የጋዝ ተርባይን ብሌድ ሥሩ ጥርስ ጥርስ ሆኖ ተቀርጾ፣ ዲስኩ ላይ በተቆረጠ ተመሳሳይ ቤት ውስጥ ይገባል። ሲሽከረከር ብሌዱን ወደ ውጭ የሚስበውን ከባድ ኃይል የሚችሉት እነዚያ ጥርሶች ናቸው። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ መቆለፊያ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ብቻ ነው የምትጠብቀው። እዚሁ ቅርባችን ጊልገል ጊቤ 1 ላይ ያሉት ፍራንሲስ ተርባይኖች ደግሞ ብሌዶቻቸው ከላይና ከታች ካሉት ቀለበቶች ጋር አንድ አካል ናቸው። የእናንተ ፓምፕ ዝግ ኢምፔለር ካለው አሠራሩ ከእነሱ ጋር ይቀራረባል። ክንፎቹ አይፈቱም፤ የሚፈታውና የሚታሰረው ሙሉው ኢምፔለር ነው።

አንድ ስሌት ላሳያችሁ። 7.5 ኪሎ ዋት ሞተር በደቂቃ 2,900 ዙር ሲዞር ሻፍቱ ላይ 25 ኒውተን ሜትር ገደማ የመጠምዘዝ ኃይል ይፈጠራል። ሻፍቱ 28 ሚሊ ሜትር ከሆነ የኪይዋ ጎን ላይ የሚያርፈው ጫና 180 ኪሎ ያህል ነው። ሞተሩ ሲነሳ ወይም ድንጋይ ሲገባ ከዚህ በጣም ይበልጣል። ይህን ሁሉ በዳዶ ልይዘው ማለት አይሆንም።

የእናንተ ፓምፕ የትኛው ነው?

ሳትፈቱ በፊት እወቁት፤ አፈታቱ ይለያያል።

ሀ. ቀጥ ያለ ሻፍት፣ ኪይና ዳዶ ያለው። በብዛት የምታገኙት ይህን ነው።

ለ. ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ሻፍት፣ ኪይና ዳዶ ያለው። እዚህ ኢምፔለሩ ሾጣጣው ላይ ተጨንቆ ስለሚቀመጥ የገጾቹ ንጽሕና ወሳኝ ነው።

ሐ. ኢምፔለሩ ራሱ ጥርስ ኖሮት እንደ ዳዶ ሻፍቱ ላይ የሚጠመዘዝ። ዳዶም ኪይም የለውም። ሲዞር ራሱን ያጠብቃል። ወደ ኋላ ከዞረ ግን ራሱን ይፈታና ወደ ፊት ወጥቶ ቦዲውን ይመታል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ልካቸው የሚስማማ ቁልፎች፣ ሁለት እግር ወይም ሦስት እግር ያለው ፑለር (ኢምፔለሩን ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ)፣ ቬርኒየር ካሊፐር፣ ፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶች)፣ ጥሩ ሞረድ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ዳዶ ማሠሪያ ማጣበቂያ (ሎክታይት 243 ወይም እሱን የመሰለ)፣ አዲስ ጓርኒሲዮን (በሽፋኑና በቦዲው መካከል የሚገባ ማሸጊያ)፣ አዲስ መቆለፊያ ራንዴላ። ዳያል ጌጅ (መወላገድን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ከጓደኛ ተዋሱ፤ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ኪይ የሚሆን ብረት አስቀድማችሁ ግዙ። ጅማ መርካቶ ካላገኛችሁ ቶርኖ ቤት ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ቁራጭ አያጡም። ሚስማር፣ የአርማታ ብረት ወይም የተቆረጠ ቡሎን ኪይ አይሆንም። እዚህ ላይ አትደራደሩ።

ደረጃ 1፦ ማጥፋትና ምልክት ማድረግ

1. ብሬከሩን አውርዱ። ሳጥኑን ቆልፉና ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ። «መብራት ጠፍቷል» ብላችሁ ብቻ አትጀምሩ። መብራቱ እጃችሁ ኢምፔለሩ ላይ እያለ ሊመጣ ይችላል። በዚህ መንገድ ጣት የሚያጣ ሰው ሊኖር አይገባም።

2. ዲዝል ከሆነ ቺንጋውን አውልቁ፤ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ንቀሉ።

3. ቫልቮቹን ዝጉ። ከታች ያለውን የማፍሰሻ ቡሎን ፈታችሁ ውሃውን አፍስሱ።

4. የሞተሩን ገመድ የምትነቅሉ ከሆነ ሦስቱንም ገመዶች በቀለም ወይም በፕላስተር ምልክት አድርጉባቸው። ሁለቱ ከተቀያየሩ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል።

5. የዙሩን አቅጣጫ በቀለም ቦዲው ላይ ቀስት አድርጋችሁ ሳሉ። ቀስት ከሌለና እርግጠኛ ካልሆናችሁ ሽፋኑ ሲከፈት ክንፎቹን እዩ። ጎበጥ ያለው ጀርባቸው ወደ ፊት እየሄደ ነው የሚዞሩት። ብዙ ሰው ክንፉ ውሃውን እንደ አካፋ የሚዝቅ እየመሰለው በተቃራኒው ያስባል።

ደረጃ 2፦ ሽፋኑን መክፈትና ምንም ሳይነኩ ማየት

የሽፋኑን ቡሎኖች ተራ በተራ፣ በመስቀል ቅደም ተከተል አላሉ። ሽፋኑ ከተጣበቀ ካቻቢቴ በመዶሻ አትምቱበት፤ ገጹ ይቦረቦርና ለዘላለም ያፈሳል። አብዛኛው ሽፋን ላይ ባዶ ባለ ጥርስ ቀዳዳ አለ። እዚያ ቡሎን አስገብታችሁ ስታጠብቁት ሽፋኑን ራሱ ይገፋዋል።

አሁን ቁም በሉ። ዳዶውን አትንኩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። መረጃው ሁሉ አሁን ፊታችሁ ነው፤ ከፈታችሁት በኋላ ይጠፋል።

1. ፎቶ አንሱ። ከፊትም ከጎንም። የራንዴላዎቹ ቅደም ተከተል ይታይ።

2. ኢምፔለሩ ከሻፍቱ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ በባትሪ እዩ። ቀይ ወይም ቡናማ፣ እንደ በርበሬ የላመ ዱቄት ካለ ሁለቱ ብረቶች ለረጅም ጊዜ በጥቂቱ ሲፋተጉ ቆይተዋል ማለት ነው። ውሃ ያመጣው ተራ ዝገት ገጹ ላይ ተጣብቆ ይቀመጣል፤ ይህኛው በጣት ሲነካ ይረግፋል። ይህን ዱቄት ካያችሁ ኢምፔለሩ ልኩን ስቷል፤ ዳዶ በማጥበቅ አይድንም።

3. ሻፍቱን በሌላኛው ጫፍ ሰው ይያዝላችሁ። ኢምፔለሩን በሁለት እጅ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በአጭሩ አወዛውዙ። «ቀጭ ቀጭ» ካለ ኪይዋ ቦታዋ ውስጥ ትጫወታለች።

4. ኢምፔለሩን ወደ ላይና ወደ ታች አንሱት። ሻፍቱ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ችግሩ ኩሽኔታው (ሻፍቱ የሚዞርበት ቤሪንግ) ነው። ኩሽኔታ ሳይቀየር ኢምፔለር ማሰር ገንዘብ መጣል ነው።

5. ዳዶው በእርግጥ ላልቷል? በቁልፍ በትንሹ ሞክሩት። ጥብቅ ሆኖ ኢምፔለሩ ግን የሚጫወት ከሆነ ጥያቄያችሁ ሁሉ ተመለሰ።

ደረጃ 3፦ ዳዶውን መፍታት

ከመግፋታችሁ በፊት የጥርሱን አቅጣጫ እወቁ። ከፊት፣ ማለትም ውሃው ከሚገባበት በኩል ሆናችሁ ስታዩት ኢምፔለሩ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ የሚዞር ከሆነ ብዙውን ጊዜ ዳዶው የተለመደው የቀኝ ጥርስ ነው። እንደ ሰዓት ቆጣሪ የሚዞር ከሆነ የግራ ጥርስ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱም አምራቾች ዳዶው በዙሩ ወቅት እንዲጠብቅ እንጂ እንዲፈታ አይፈልጉም። የሻፍቱ ጫፍ ከዳዶው ከወጣ የጥርሱን አዘማመም በዓይን ማየት ይቻላል። የግራ ጥርስ ዳዶን እንደ ቀኝ ቆጥሮ በቱቦ መግፋት የሻፍቱን ጫፍ ይቆርጠዋል።

የታጠፈ መቆለፊያ ራንዴላ ካለ መጀመሪያ እጥፋቱን አቅኑ። ሻፍቱን ለመያዝ ብላችሁ፣ ሲሉ ወይም ፓኪንጉ (ሻፍቱ ዙሪያ ውሃ እንዳይወጣ የሚያግዱት ማሸጊያዎች) የሚያርፍበትን ገጽ በቱቦ ቁልፍ አትንከሱ። አንድ ጭረት እዚያ ካለ ውሃ ማፍሰሱ አይቆምም። ሻፍቱን ከሞተሩ በኩል ባለው ኮፕሊንግ (ሞተሩንና ፓምፑን በሚያገናኘው) ያዙ።

የእናንተ ዓይነት ሐ ከሆነ ወፍራም ጓንት አድርጉና ኢምፔለሩን ራሱን ከሥራ ዙሩ ጋር በተመሳሳይ አቅጣጫ አዙሩ። ሻፍቱ ቆሞ ኢምፔለሩ ወደዚያ ሲሄድ ይፈታል። ግራ ካጋባችሁ ይህን አስቡ፦ ሥራ ላይ ሻፍቱ ይገፋል፣ ውሃው ኢምፔለሩን ወደ ኋላ ይይዘዋል፣ ስለዚህ ይጠብቃል። የመፍቻው አቅጣጫ የዚያ ተቃራኒ ነው።

ደረጃ 4፦ ኢምፔለሩን ማውጣት

1. ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ። ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ነፍታችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

2. ፑለሩን ከኋላ ጠፍጣፋው ገጽ ላይ፣ ክንፎቹ ካሉበት ትይዩ አስይዙ። በክንፎቹ መካከል ያለው ክፍል ቀጭን ነው፤ ይሰነጠቃል።

3. ዳዶውን ሙሉ በሙሉ አታውጡት። በጥቂት ጥርስ ተይዞ ይቆይ። ኢምፔለሩ በድንገት ሲላቀቅ እግራችሁ ላይ እንዳይወድቅ ይይዘዋል።

4. ፑለሩን አጥብቁ፣ ትንሽ ጠብቁ፣ ደግሞ አጥብቁ። የፑለሩን ቡሎን ጭንቅላት በመዶሻ መታ አድርጉ እንጂ ኢምፔለሩን አትምቱ። ካስት ብረት መዶሻ አይወድም።

ማስጠንቀቂያ። አልወጣ ያለን ኢምፔለር በኦክሲጅን ማሞቅ የተለመደ ነው። ተዉት። በኢምፔለሩ እምብርትና በሻፍቱ መካከል፣ ከዳዶውም ሥር፣ ውሃ ታምቆ ሊቀር ይችላል። ያ ውሃ ሲሞቅ መውጫ ካጣ ይፈነዳል፤ የብረት ቁራጭም ይበትናል። አምራቾች በመመሪያቸው ላይ ይህን የሚያስጠነቅቁት በከንቱ አይደለም። በፑለር ካልወጣ ሻፍቱን ከነኢምፔለሩ ነቅላችሁ ፕሬስ ያለው ቶርኖ ቤት ውሰዱት።

ደረጃ 5፦ ማጽዳት፣ መለካት፣ መፍረድ

ብዙውን ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አውሉት። ሌላው ደረጃ ሁሉ የመጠምዘዝ የእጅ ሥራ ነው፤ ይኼኛው ውሳኔ ነው።

*ሻፍቱ።* ዳያል ጌጁን ኢምፔለሩ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ አሳርፉና ሻፍቱን በእጅ አዙሩ። መርፌው ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ ሻፍቱ ጎብጧል ወይም ኩሽኔታው አልቋል። ከዚያ ካሊፐሩን ውሰዱና መቀመጫውን ሁለት ሦስት ቦታ ለኩ። አንዱ ጋ ቀጭን ከሆነ ተበልቷል።

*የኪይዋ ቤት።* የቤቱን ሁለት ግድግዳ እዩ። ቀጥ ብለው፣ ማዕዘናቸው ስለታም ሆኖ መታየት አለባቸው። አንዱ ግድግዳ ከተንጋደደ ወይም አፉ ከሰፋ ያረጀች ኪይ ስትደበድበው ኖራለች።

*ኪይዋ ራሷ።* አውጥታችሁ በብርሃን አገላብጧት። በአንድ ጎኗ ብቻ የተወለወለ የሚመስል ገጽ ካላት፣ ወይም መሐሏ ላይ ደረጃ ከሠራች፣ ጣሏት።

አሁን ልኩን እንነጋገር፤ ብዙ ጥገና የሚበላሸው በዚህች ቁራጭ ነው። 28 ሚሊ ሜትር ሻፍት ላይ የተለመደው ኪይ 8 ሚሊ ሜትር ስፋትና 7 ሚሊ ሜትር ቁመት አለው። የሻፍቱ ቤት ጥልቀት 4 ሚሊ ሜትር፣ የኢምፔለሩ 3.3 ሚሊ ሜትር ነው። ደምሩት፤ 7.3 ይሆናል። ኪይዋ ደግሞ 7 ናት። ያቺ 0.3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሆነ ተብሎ የተተወች ናት። ኪይ በጎኖቿ ነው የምትሠራው፣ በጀርባዋ አይደለም።

ብዙ ሰው ግን ኪይዋ «እንዳትላላ» ብሎ ከፍ ያለች ይሠራና በመዶሻ ያስገባታል። ኪይዋ ኢምፔለሩን ወደ አንድ ጎን ትገፋዋለች። ኢምፔለሩ መሐሉን ይስታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ወይም እምብርቱ ከኪይዋ ቤት ማዕዘን ጀምሮ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ኢምፔለር ያመጣ ሰው «ብረቱ ደካማ ነው» ይላል። እኔ መጀመሪያ የምለካው የኪይዋን ቁመት ነው።

አዲሷ ኪይ የሻፍቱ ቤት ውስጥ በአውራ ጣት ግፊት ወይም በቀላል መታ መታ የምትገባ፣ ጎን ለጎን የማትጫወት ትሁን። ሞረድ ስትጠቀሙ በጣም በጥቂቱ፣ ሁለቱን ጎኖች ትይዩ አድርጋችሁ። ጠርዞቿን በትንሹ አለስልሱ።

*ኢምፔለሩ።* ክንፎቹን በጣት ዳስሱ። መግቢያው አካባቢ እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ ከሆነ በሽታው የማሰር አይደለም፣ ውሃውን ከመጠን በላይ ከታች የመሳብ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ነው። በባሕር ወለል አየሩ ውሃን 10.3 ሜትር ያህል መደገፍ ይችላል፤ እዚህ 8.4 ሜትር ገደማ ብቻ። የቱቦ ሰበቃና ሌላው ሲቀነስ ከ5 ሜትር በላይ ከወንዝ ለመሳብ አትሞክሩ። ፓምፑን ወደ ወንዙ ዝቅ አድርጉት።

የተሰበረን ክንፍ በብየዳ ለጊዜው መቀጠል የሚፈልግ አለ። ይህን ቁጥር ይዛችሁ ወስኑ፦ ከመሐል 10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ የቀረች 10 ግራም ትርፍ ብየዳ በ2,900 ዙር ላይ 9 ኪሎ ያህል ኃይል ሆና ኩሽኔታውን ትጎትታለች፤ በሰከንድ 48 ጊዜ። የግድ ከሆነ ብየዳው ካለቀ በኋላ ኢምፔለሩን ቀጥ ያለ ዘንግ ላይ አድርጋችሁ፣ ውሃ ልክ በወጣላቸው ሁለት የብረት ጠርዞች ላይ አንከባልሉት። ሁልጊዜ አንድ ጎን ብቻ ወደ ታች ከመጣ ያ ጎን ከባድ ነው። ከኋላው ጠፍጣፋ ገጽ ላይ በጥቂቱ ፍቁ። የትም ቦታ መቆም እስኪችል ድገሙ።

ደረጃ 6፦ ያለ ሲል በባዶው መሞከር

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ይበዛል። አትዝለሉት።

1. ሁሉንም ገጽ በጨርቅና በቤንዚን አጽዱ። ከእሳት ራቁ።

2. ኪይዋን ሳታስገቡ ኢምፔለሩን ሻፍቱ ላይ ግፉ። በእጅ ለስለስ ብሎ መግባት አለበት፤ ከገባ በኋላ ግን መንገዳገድ የለበትም።

3. ዓይነት ለ ከሆነ የሻፍቱን ሾጣጣ ላይ ከጫፍ እስከ ሥር ቀጭን የእርሳስ መስመሮች ስመሩ። ኢምፔለሩን ገፍታችሁ ጥቂት አወዛውዙና አውጡ። መስመሮቹ በርዝመታቸው ሁሉ ከደበዘዙ ጥሩ ነው። አንድ ጫፍ ላይ ብቻ ከሆነ ገጹ አልተዋሐደም፤ ወደ ቶርኖ ቤት ነው።

4. ኪይዋን ጨምራችሁ ድገሙ። አሁን ከበፊቱ የከበደ ከሆነ ኪይዋ ከፍ ብላለች ወይም ጠማማ ናት።

5. ኢምፔለሩ ትከሻው ጋ ደርሷል? ብዙ ጊዜ ኪይዋ ከመጠን በላይ ረዝማ ኢምፔለሩን ሚሊ ሜትር ያህል ታስቀረዋለች። ዳዶው በዚያ ሁኔታ «ጥብቅ» ይመስላል፤ ሲሠራ ግን ይላላል።

ደረጃ 7፦ ማሰርና መቆለፍ

1. ሲሉን ወይም ፓኪንጉን በቦታው አስገቡ። የሜካኒካል ሲልን ገጽ በጣት አትንኩት።

2. የሻፍቱን ቀጥ ያለ መቀመጫ በቀጭኑ ዘይት ቀቡ። ሾጣጣ ከሆነ ደረቅ ይሁን።

3. ኪይ፣ ከዚያ ኢምፔለር፣ ከዚያ ራንዴላ፣ ከዚያ ዳዶ። በፎቶው አመሳክሩ።

4. ዳዶውም ሻፍቱም ስቴይንለስ ከሆኑ ሳይቀባ አታስገቡ፤ ይነካከሱና መሐል ላይ ይጣበቃሉ። ለስቴይንለስ የሚሆን ቅባት ወይም ማጣበቂያውን ተጠቀሙ፤ ሁለቱን ግን አትደባልቁ።

5. የፓምፑ ወረቀት የማጥበቂያ ልክ ከሰጠ በቶርክ ቁልፍ እሱን ተከተሉ። ካልሰጠ በዳዶው ልክ በተሠራ ተራ ቁልፍ፣ በአንድ እጅ ሙሉ ጉልበት። ቱቦ አትቀጥሉ። ኢምፔለሩ ትከሻው ላይ ከተቀመጠ ተጨማሪ ጉልበት የሚያመጣው የተሳበ ሻፍት ነው።

6. ቆልፉ። የሚታጠፍ ራንዴላ ከሆነ አንዱን ጆሮ ወደ ኪይዋ ቤት፣ ሌላውን ወደ ዳዶው ጠፍጣፋ ጎን እጠፉ። አንዴ የታጠፈች ጆሮ ዳግመኛ አትታጠፍም፤ ትሰበራለች፣ ስባሪዋም ኢምፔለሩ ውስጥ ይገባል። ናይለን ያለው ዳዶም አንዴ ነው። ማጣበቂያ ከሆነ ጥርሶቹ ከዘይት ፍጹም የጸዱና የደረቁ ይሁኑ። ዘይት ላይ የተደረገ ማጣበቂያ ይደክማል። ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት 24 ሰዓት ስጡት።

7. ከዳዶው ወደ ኢምፔለሩ የሚሻገር አንድ ቀጭን የቀለም መስመር ስመሩ። በሚቀጥለው ጊዜ ስትከፍቱት መስመሩ ካልተሰበረ ዳዶው አልተንቀሳቀሰም።

ደረጃ 8፦ ክፍተቱን ማስተካከል

ክፍት ኢምፔለር (ክንፎቹ ከፊት ያልተሸፈኑ) ከሆነ በክንፎቹ ጫፍና በፊት ለፊቱ ገጽ መካከል አብዛኛውን ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ይፈለጋል። በፊለር ጌጅ ሦስት አራት ቦታ ለኩ። በሻፍቱ ትከሻና በኢምፔለሩ መካከል ስስ ራንዴላ በመጨመር ወይም በመቀነስ፣ አለዚያም በጓርኒሲዮኑ ውፍረት ይስተካከላል። ዝግ ኢምፔለር ላይ ዋናው ነገር የመግቢያው ቀለበት ነው፤ ክፍተቱ ከአዲሱ እጥፍ ከሆነ ቀለበቱን ቀይሩ።

ደረጃ 9፦ መዝጋትና አቅጣጫ መፈተሽ

ሽፋኑን በመስቀል ቅደም ተከተል አጥብቁ። በየሁለት ሦስት ቡሎኑ ሻፍቱን በእጅ አዙሩ። አንድ ቡሎን ላይ ድንገት ከከበደ ያ ጎን ገፍቷል ማለት ነው፤ አላሉና ደግማችሁ በእኩል አጥብቁ።

አሁን ሞተሩን ከፓምፑ ጋር ሳታገናኙ አንዴ አስነስታችሁ አጥፉ። አቅጣጫው ከቀስቱ ጋር ከገጠመ ኮፕሊንጉን እሰሩ። ካልገጠመ ከሦስቱ ገመዶች ሁለቱን አቀያይሩ። ይህ ለዓይነት ሐ የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። አንድ ሰከንድ ወደ ኋላ መዞር ኢምፔለሩን ፈትቶ ሽፋኑን ሊሰብረው ይችላል። የአካባቢው መስመር ተቆርጦ ከተጠገነ በኋላም ፌዞች (ሦስቱ የመብራት መስመሮች) ተቀያይረው ሊመጡ ስለሚችሉ ያኔም ፈትሹ።

ደረጃ 10፦ የመጀመሪያው ሥራ

ፓምፑን በውሃ ሙሉ፣ አየሩን አስወጡ። ያለ ውሃ አታስነሱ፤ ሲሉ ወዲያው ይቃጠላል። አስነሱና ኩሽኔታው ቤት ላይ እጃችሁን አሳርፉ። ለስላሳ ንዝረት ይጠበቃል፤ ምት የሚመስል ነገር ካለ አጥፉ። ግማሽ ሰዓት ካሠራችሁ በኋላ አጥፍታችሁ፣ ብሬከሩን አውርዳችሁ፣ ኮፕሊንጉን በእጅ ወደ ግራና ቀኝ አወዛውዙ። «ቀጭ» የሚል ነገር መኖር የለበትም።

ነገሩ ካልሄደ

*እንደገና ላላ፣ ኪይዋም አዲስ ናት።* የኪይ ቤቱ ሰፍቷል። በብየዳ ሞልቶ በሞረድ መቅረጽ ሻፍቱን ያጎብጣል። ይልቁን ቶርኖ ቤት ሻፍቱን 180 ዲግሪ አዙረው በሌላኛው ጎን አዲስ ቤት ይቁረጡ። የኢምፔለሩ ቤት ከሰፋ ኢምፔለሩን ቀይሩ።

*ኪይዋ ተቆረጠች።* ኪይዋ ሥራዋን ሠርታለች፤ ሻፍቱን አድናለች። የበለጠ ጠንካራ ኪይ አትፈልጉ። ምን እንዳገደው ፈልጉ፦ ጠጠር፣ የቡና ገለፈት ወይም ጨርቅ። የመሳቢያ ቱቦው ጫፍ ላይ ያለው ወንፊት ተቀዶ ይሆናል።

*ጠጠር የሚፈጭ ድምፅ አለ፣ ሲከፈት ግን ጠጠር የለም።* መሳቢያው ላይ አየር ወይም የከፍታ ችግር አለ። ደረጃ 5 ላይ ያለውን የከፍታ ነገር ተመልሳችሁ እዩ፤ የቱቦ መገጣጠሚያዎችንም በሳሙና አረፋ ከመፈተሽ ይልቅ ጓርኒሲዮናቸውን በአዲስ ቀይሩ፤ በመሳቢያ በኩል አየር ወደ ውስጥ ነው የሚገባው፣ አረፋ አይሠራም።

*ይዞራል፣ ውሃው ግን ትንሽ ነው።* አቅጣጫውን እንደገና ፈትሹ። ኪይ ያለው ፓምፕ ወደ ኋላ ቢዞርም ጥቂት ውሃ ይሰጣል፤ ስለዚህ ያታልላል።

*ሲል ብቻ ነው የሚያፈሰው።* ኢምፔለሩን አትወቅሱ፤ የሻፍቱን መወላገድ ለኩ።

ለሚቀጥለው ወቅት

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፓምፑ ሥራ ሲፈታ ክፈቱት። ያኔ ቶርኖ ቤቱም ሰፊ ጊዜ አለው፤ የጠፋ ዕቃ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ እስኪመጣ መጠበቅም ይቻላል። ሁለት ትርፍ ኪይ፣ ሁለት መቆለፊያ ራንዴላ፣ አንድ ሲልና አንድ ጓርኒሲዮን በላስቲክ ጠቅልላችሁ የብሬከር ሳጥኑ አጠገብ አስቀምጡ። የኪይዋን ስፋትና ቁመት፣ የዳዶውን ቁልፍ ቁጥርና የጥርሱን አቅጣጫ በማይለቅ ቀለም ቦዲው ላይ ጻፉ። ታኅሣሥ ላይ በሌሊት የሚጠራው መካኒክ እናንተ ላትሆኑ ትችላላችሁ።